ከስብሰባው በፊት ያለቀ ቃለ ጉባኤ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጆቼ አልነገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ለምዘረዝርላቸው ለንስሐ አባቴ እንኳ ይችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ! አሁን ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝና ስለማላያችሁ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። "ዘመኑ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ?" ብሎ ሊያጽናናኝ የሚዳዳው ካለም ከወዲሁ ይተወው። እንዲህ የሚለኝ ሰው ሳይ ደሜ ነው የሚፈላው። ዘመኑ እጅ የለውም፣ ታይፕ አይመታም። የመታሁት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ውስጥ የአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበርኩ። ከደሴ ተመድቤ የሄድኩ፣ ደብዳቤ የምመታ፣ ፋይል የምይዝ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምጽፍ። መርከብ ያራገፈውን እህልና ብረት መኪኖቻችን ከነተሳቢያቸው እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ ያወጣሉ። ሾፌሮቹ ብዙዎቹ የኮምቦልቻና የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ፤ ጋራዡን የያዙት ደግሞ የአገሩ ልጆች። ስለ ሙቀቱ ብዙ አልነግራችሁም። ክንዴን ወረቀት ላይ ካሳረፍኩ ወረቀቱ አብሮኝ ይነሳ ነበር፤ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ። በኃላፊዎችና በሠራተኞች መካከል ያለው ግንኙነት ይሻሻል ይላል። በየሳምንቱ ሐሙስ ሥራ አስኪያጁና ሠራተኛው ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ሠራተኛው ያለ ፍርሃት ይናገር፣ የተባለው ሁሉ ተጽፎ በዚያው ዕለት አውሮፕላን አዲስ አበባ ይግባ ይላል። ድንቄም ግንኙነት! ግን ልዋሽ አልችልም፤ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ያበላሸነው እኛ ነን። እኛ ማለቴስ ምንድን ነው? ኤዲያ! ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በወጉ ሠራሁ። ጋራዡ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ሰው ሲናገር በእጄ ጻፍኩ፣ ሮጬ ቢሮ ገብቼ በታይፕ ገለበጥኩ። ስጨርስ አውሮፕላኑ ሄዷል። ስብሰባው በሚያልቅበትና አውሮፕላኑ በሚነሣበት መካከል ያለው ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ አያስመታም። ከአዲስ አበባ የቁጣ ደብዳቤ መጣ፤ የአሰብ ቃለ ጉባኤ ዘገየ ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን ጠራኝና "ጓድ ጥሩወርቅ፣ እባክሽ አንድ መላ ፈልጊ" አለኝ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። ዋሺ አላለኝም። መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ ጭንቅላቴ።

መላው ምን መሰላችሁ? ቃለ ጉባኤውን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጻፍ! ስብሰባው ሐሙስ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ረቡዕ ያልቃል። ማን ምን እንደሚል አውቃለሁ አልኩ። አንዱ ስለ ቱታ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ መጠጥ ውሃ፣ አንዱ አመራሩን ያመሰግናል። በየስማቸው አማርኛውን አሳምሬ እመታለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የተሰብሳቢዎች ስምና ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ አለ። ከስብሰባ በኋላ ላስፈርም ብል ሰው ይበተንብኛል፤ ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሲገቡ አስፈርማቸው ነበር። የሚያነበው የለም። የስም መቆጣጠሪያ ነው የሚመስላቸው። እኔም ነው አላልኩ፣ አይደለም አላልኩ።

ከዚያ ወዲህማ ተመሰገንን። የአሰብ ቅርንጫፍ ሠራተኛውና ኃላፊው የሚነጋገሩበት ምሳሌ ነው ተብሎ ተጻፈልን። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ልቤን ነፋኝ። ወደ አዲስ አበባ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ ነበርና በዚህ ሥራዬ ከዚያ ሙቀት የምወጣ መሰለኝ። ሠራተኛው ሁሉ እያደር ምስጢሩን አወቀ፣ መቀለጃም ሆነ፤ በር ላይ የሚፈርመው በዚያው ወረቀት መሆኑን ግን ያስተዋለ አልነበረም። ታደሰ የሚባል የኮምቦልቻ ሾፌር ነበር፣ ትልቅ ሰው፣ ሳቂታ። አንድ ሐሙስ ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶበት በፀሐይ ሲቃጠል ውሎ፣ እኔ ግን በቃለ ጉባኤው ስለ ሥራ ዲሲፕሊን ጥልቅ ንግግር አስደርጌዋለሁ። ሲነግሩት በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር "ጥሩዬ፣ በዚህ ሳምንት ምን ብዬ ተናገርኩ?" ይለኝ ነበር።

ዓሊም ይስቅ ነበር። ዓሊ የጋራዡ አለቃ ነው፣ በእኛ አጠራር ካፖ። የዚያው ባሕር ዳርቻ፣ የበይሉል ሰው ነው፤ ፍሬንና ሞተር ከጣሊያኖች ሥር ሆኖ ነው የተማረው። አማርኛው ሰባራ ነው፣ ግን አይፈራም። "አንቺ የምትጽፊው ዓሊ አማርኛው ይጠራል። አንድ ቀን አስተዋውቂኝ" አለኝ። ሳቅኩ። ያን ቀን ምን አሳቀኝ? ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነህ ተጽፈሃል የተባለ ሰው ነው፤ እሱ ቢስቅ፣ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምስቀው?

ወደ ነገሩ ልግባ። እየዞርኩ ያለሁት መግባት ስለፈራሁ ነው።

በዚያ ሳምንት ወደቡ ላይ እህል ተከምሮ ቶሎ ይነሣ የሚል ጥድፊያ ነበር። እኔም ረቡዕ ቁጭ አልኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ምን መስማት እንደሚፈልግ አውቃለሁና እንዲህ ብዬ መታሁ፦ "የጋራዡ ኃላፊ ጓድ ዓሊ፣ መኪኖቹም ተሳቢዎቹም በሙሉ ተፈትሸው ለሥራ ዝግጁ መሆናቸውን ለስብሰባው አረጋግጠዋል።" ዓሊን የጠቀምኩት መስሎኝ ነው። ምስጋና ቢመጣለት ብዬ። ጋራዡ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ ብቅ ብዬ "ካፖ፣ ተሳቢዎቹ ደህና ናቸው?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ለምን እጠይቃለሁ? መልሱን እኔው ጽፌው!

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም በር ላይ እየፈረመ ገባ። ዓሊም ፈረመ። ገጾቹን ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተትኩና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ያኔ ዓሊ ተነሣ። ቀድሞ ለሥራ አስኪያጁ ነግሮት ኖሯል፤ ሥራ አስኪያጁም "ሐሙስ በስብሰባው አቅርበው፣ ስብሰባው ለዚህ አይደል የተፈጠረው?" ብሎታል። እሱም አምኖ ይዞ መጣ። ሰርኩላሩን ከልቡ ያመነ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ ቢኖር ዓሊ ብቻ ነበር።

"ሦስት ተሳቢ ፍሬን የለውም" አለ። "የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ መለዋወጫ የለም። ሜዳ ላይ ይሄዳል። የዶቢ ቁልቁለት ላይ አይቆምም። ሰው ይሞታል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ ዛሬ እንኳ የእኔን ጻፊ።"

ማንም አልሳቀም። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ደብተሬን ገልጬ እስክሪብቶዬን አንቀሳቀስኩ፤ የሚጽፍ ሰው መሰልኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ መቼም ያን ቀን ያለውን ልንገራችሁ፣ ደህና ነገር ነው ያለው። "ጥሩ፣ ተመዝግቧል። ዛሬውኑ ለበላይ ይደርሳል። መልስ እስኪመጣ ሦስቱ ተሳቢዎች ይቁሙ" አለ። ዓሊ "ሹክረን" ብሎ ተቀመጠ። አያችሁ? የሠራተኛው ቃል ኃላፊው ጆሮ ገባ። ኃላፊው ሰማ። አንድ የቀረው ነገር ያን ቃል ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር፣ ደሞዝ የምበላበት።

ኤንቨሎፑ ጉልበቴ ላይ ነው። ልቀደው እችል ነበር። አንድ ብጣሽ ወረቀት በእጄ ጽፌ ልጨምርበት እችል ነበር፤ ሦስት መስመር ነው! ግን ውስጡ ዓሊ "ሁሉም ዝግጁ ነው" ይላል። የዛሬውን ብጨምር ያው ዓሊ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሊናገር ነው፤ ቃለ ጉባኤው ረቡዕ እንደሚጻፍ ሊታወቅ ነው፤ ምስጋናው፣ ዝውውሩ ሁሉ ውሃ ሊበላው ነው። የሚቀጥለው ሐሙስ አስገባዋለሁ አልኩ። ተነሥቼ ኤንቨሎፑን ለሾፌሩ ሰጠሁት። "ቶሎ በል፣ እንዳያመልጥህ" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። እጄ ሲዘረጋ እስካሁን ይታየኛል።

በሁለተኛው ቀን ቴሌግራም መጣ። እህሉ አስቸኳይ ስለሆነ መኪኖች በሙሉ ከነተሳቢያቸው ዛሬውኑ ጭነው ይውጡ ይላል። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንዲህ እንዳሉ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ አነበበና ትከሻውን ሰበቀ፤ ዓሊ የተናገረው ደርሷቸው፣ አይተው የወሰኑ ነው የመሰለው። "እንግዲህ በላይ ወስኗል" አለ። ዓሊ በቱታው እንዳለ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

"የጻፍሽውን አንብበው ነው እንዲህ ያሉት?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ አኝኬ ተፍቼዋለሁ! ውሸት አይደለም ልል እችላለሁ፤ የጻፍኩትን አንብበዋል። እንዲህ እያልኩ ራሴን ያባበልኩባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ያሳርረዋል። እሱ የጠየቀኝን አውቄ ነው "አዎ" ያልኩት። በዚያች ደቂቃ "አልጻፍኩም ካፖ" ብለው ኖሮ መኪኖቹ ገና በር ላይ ነበሩ። ምን ይመጣብኝ ነበር? ተግሣጽ? ከሥራ መባረር? ደሴ ተመልሼ እናቴ ጋ እቀመጥ ነበር። እሺ፣ ልታሰርም እችል ነበር። ልታሰር ነበራ! እንኳን ታሰርኩ እል ነበር ዛሬ።

ዓሊ ወጥቶ ከተሳቢዎቹ አንዱን ለሚጎትተው ሾፌር፣ ለታደሰ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ውረድ እያለ ሲመክረው በመስኮት አየሁ። ታደሰም እሺ እሺ እያለ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ።

ዶቢ ላይ ተሳቢው ገፋው። ረዳቱ ዘሎ እጁ ተሰብሮ ተረፈ። ታደሰ መሪውን እንደያዘ ገደል ገባ። ሬሳውን የኮምቦልቻ ሰዎች ወሰዱት። አራት ልጆች እንደነበሩት ያወቅሁት የኀዘን ደብዳቤውን ስመታ ነው፤ እሱንም የመታሁት እኔ ነኝ፣ አማርኛውን አሳምሬ።

መርማሪዎች በአውሮፕላን መጡ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንዴት ወጣ የሚል ነበር። ዓሊ አልተጨነቀም። "እኔ ተናግሬአለሁ፣ ሁሉም ሰምቷል፣ ተጽፏል" አለ። አንደኛው ቦርሳውን ከፈተና የእኔን ቃለ ጉባኤ አወጣ። አነበበለት። ዓሊ መጀመሪያ የሌላ ሰው ነገር የተነበበ ነው የመሰለው፤ ቀጣዩን ጠበቀ። ኋላ ነው የገባው። "ይህን እኔ አላልኩም" አለ። ፊርማው የማን ነው አሉት። ወረቀቱን አይቶ "የእኔ ነው" አለ። አልካደም። ሁለት ሾፌሮች "ሰምተናል፣ ተናግሯል" ብለው ተነሡ። ይህስ ፊርማ የማን ነው ተብሎ የራሳቸው ፊርማ ሲታያቸው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ፊርማና አሻጥር የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲጠሩ የማይቀመጥ ማን ነበር? በእነሱ አልፈርድም። ሥራ አስኪያጁም "ቃለ ጉባኤው ይናገራል" ብሎ አንገቱን ደፋ። የእሱን ኃጢአት እሱ ይናዘዝ፤ እኔ የራሴን መች ጨረስኩ።

ዓሊ "እሷን ጠይቋት" አለ። ተማምኖብኝ ነው ያለው። እኔን ምስክር ጠራኝ!

ጠየቁኝ። "እንደተነገረው ነው የጻፍኩት" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ እንኳ ደህና ነበር። አፌን ሞልቼ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እንደተነገረው ነው የጻፍኩት። ዓሊ አልተቆጣም። አሞኝ እንደሆነ ሊያጣራ የፈለገ ያህል አየኝ። የቱታውን እጅጌ ወደታች አወረደና አብሯቸው ሄደ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም።

ከሳምንታት በኋላ ሚስቱ ፋጡማ ቢሮዬ መጣች። ከቤቷ ወጥታ መሥሪያ ቤት ገብታ አታውቅም፤ በር ላይ ቆማ "ጥሩወርቅ የሚሏት አንቺ ነሽ?" አለችኝ። አማርኛ አሳምራ የምትጽፍ እሷ ናት ብለው ልከዋታል። ለባሏ አቤቱታ እንድጽፍላት ነው የመጣችው። ወይ ነዶ! እግዜር እጄ ላይ ጥሎልኝ ነበር እኮ። እውነቱን የምጽፍበት ወረቀት፣ የሚጽፍ እጅ፣ የሚጠብቅ ሰው፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ጻፍኩላት። "ባለቤቴ በቸልተኝነት ለፈጸመው ጥፋት ተጸጽቶ ምሕረት ይለምናል" ብዬ ጻፍኩላት። ምን ጻፍሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ማንበብ አትችልም። ቀለም አስነክቼ አውራ ጣቷን እኔው ይዤ አሳተምኳት። "አላህ ይስጥሽ እህቴ" አለችኝ።

መልሱ በእኔ በኩል ነው ያለፈው። ቤተሰቡ ጥፋቱን ስላመነ ጉዳዩ ሌላ ማጣራት አያስፈልገውም ይላል። ዓሊ በዚያው ቀረ። በሁለተኛው በጋ እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። በምን እንደታመመ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የእኔ ዝውውር ተፈቀደ። አዲስ አበባ ሄድኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ዕድገት አገኘሁ። ለአዳዲስ ጸሐፊዎች ቃለ ጉባኤ አያያዝ አስተምሪ ተብዬ ቆሜ አስተምሬአለሁ። የተናጋሪው ሐሳብ ሳይዛባ መስፈር አለበት ብዬአለሁ፣ ጠመኔ ይዤ! ሞቼ ነው ቆሜ?

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለቱ አፈር በልተዋል፤ እናንተ በማን ስም ይቅር ትሉኛላችሁ? ወጣት ነበርሽ አትበሉኝ፤ ታደሰም አባት ነበር። ፈርተሽ ነው አትበሉኝ፤ ዓሊም ሰው ነው፣ እየፈራ ተናግሯል። እኔ ለዝውውር ብዬ፣ ለአንድ የምስጋና ደብዳቤ ብዬ አንድ ሰው ገድዬ ሌላውን አስሬ ገድያለሁ። ሌላ ስም የለውም።

ከአሰብ ልነሣ ሳምንት ሲቀረኝ ፋጡማ ደግማ መጣች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ትንሿን ልጇን አዝላ። ቤቱን ዘግታ ጥዖ ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ወንድሞቿ ዘንድ ልትሄድ ኖሯል፤ ሳልሰናበትሽ አልሄድም ብላ ነው። በሰሌን የተጠቀለለ ትልቅ ዓሣ ይዛልኛለች፣ በዚያ ጠዋት የተያዘ። "ከዚያ ሁሉ ሰው የረዳሽን አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ። ዓሣውን ተቀበልኳት። ቤቴ ወስጄ ጠበስኩት፣ ሎሚ ጨምቄበት በላሁት። ጣፍጦኝ ነበር።